ከቺፑ ያልወጣ ደብዳቤ

«ለምን ዝም አልሽ?»

ላሳድ ዶርሳፍን ይህን የጠየቃት ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቱኒስ አጠገብ ላ ማርሳ ውስጥ፣ ከምትኖርበት ከአማቷ ከላላ ዘክያ ቤት ሰማያዊ በር ውጭ ቆሞ ነው። በእጁ የያዘው የጃስሚን ጉንጉን ተቀባይ አጥቶ ከሙቀቱ የተነሣ መጠውለግ ጀምሯል። የዶርሳፍ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ከሩብ ሰዓት በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ላሳድ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ አንድ ሣጥን ባቅላዋ የተባለ ጣፋጭ ይዞ ዶርሳፍን ለጋብቻ ለመጠየቅ ብቻውን መጣ። አባቱ በሬዴየፍ የፎስፌት ማዕድን ሳንባቸውን ጨርሰው ሞተዋል፤ እናቱ ከዚያ እዚህ ድረስ የሚያመጣ ጉልበት የላቸውም። ላላ ዘክያ ወደ ሳሎን አላስገቡትም። ከሎሚው ዛፍ ሥር ወንበር ሰጥተው አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀመጡለት። ውኃ ብቻ። ሻይ የለም፣ ጣፋጭ የለም። ለሙሽርነት ለመጣ ሰው ውኃ ብቻ ማቅረብ እምቢ ማለት እንደሆነ በዚያ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከሬዴየፍ፣ ላላ» አለ፤ ላላ የትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«እሱ ከጋፍሳ ይርቃል?»

«ትንሽ አለፍ ይላል።»

«ታዲያ ከመንገድ ሰሌዳዎቹ ሁሉ ማዶ ነዋ!» ብለው ሳቁ። የቱኒስ ነባር ሰዎች ባላገርን የሚወርፉት እንዲህ እያሉ ነው። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ስማኝ ልጄ። ቅዳሜ በሥራ ውል ፈረንሳይ ትሄዳለህ አሉ። ሂድ፣ እንጀራህን ብላ። ይህች የሟቹ ልጄ ሚስት ትልቅ ሰው ናት፤ የፈለገችውን ታግባ። ኤያን ግን ከዚህ ደጃፍ አንድ እርምጃ አታሳልፋትም። ልጅቷ የእኔ ናት።»

ላሳድ ዓይኑን ወደ ዶርሳፍ አነሣ። እሷ የሰባት ዓመት ልጇን የኤያን እጅ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር። አንዲት ቃል ይበቃው ነበር። ግን የኤያ መዳፍ በመዳፏ ውስጥ ይሞቃል። ትኩሳት ይሆን? ጠዋት ቁርስ በልታለች? እናት መሆን እንዲህ ነው፤ ሰው ሕይወቷን በፊቷ ዘርግቶ ሲጠይቃት እሷ የልጇን ግንባር ትዳስሳለች።

ላሳድ ለጥያቄው መልስ በሩ ላይ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ጃስሚኑን በመስኮቱ ብረት ላይ ሰክቶ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደ። ዶርሳፍ የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች።

*

ዶርሳፍና ላሳድ የሚሠሩት አርያና ውስጥ፣ አዲስ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አእምሮ የሆነው ቺፕ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በሚፈተንበት ቤተ ሙከራ ነበር። ፕሮሰሰር ሩቅ ወዳለው ትልቅ ማከማቻ፣ ወደ ሚሞሪ፣ መመላለስ ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ በእጁ ያለውን ሥራ አጠገቡ ባለች ካሽ በምትባል፣ አራት መደርደሪያ ባላት ትንሽ ቁም ሣጥን ያስቀምጣል። የጻፈውንም መጀመሪያ እዚያ ይጽፋል። ወደ ሚሞሪው የሚያወጣው ቆይቶ፣ ሲታዘዝ ወይም ቦታ ሲጠበው ነው። የሁለቱ ሥራ ይህ ማስገባትና ማውጣት በትክክል መሄዱን መከታተል ነበር።

ለፈተናው አንድ የሚሞሪ ቦታ በሆነ ነገር መሞላት አለበት። በምን እንደሚሞላ ለቺፑ ግድ የለውም። ሌሎቹ በቁጥር ይሞሉታል። ላሳድ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ላብላቢ በተባለ የሽንብራ ሾርባ አሠራር ሞላው፤ ሽንብራው ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ የደረቀው ዳቦ እንዴት እንደሚቆራረስ፣ ሁሉንም። ዶርሳፍ በማግስቱ ፈተናውን ስትከፍት አነበበችውና ከሥሩ «ከሙኑን ረስተሃል» ብላ ጻፈች። እንዲህ ተጀመረ። እሷ ጠዋት ትጽፋለች፣ እሱ ከሰዓት ያነባል። ቤት ስትገባ ስልኳ የኤያ መጫወቻ ነው፤ ላላ ዘክያም መነጽራቸውን አድርገው የመጣውን ሁሉ ያያሉ። በዚያ የሚሞሪ ቦታ ግን ከሁለቱ በቀር ማንም አልገባም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለማንም ያልተናገረችውን ሁሉ ለላሳድ የነገረችው እዚያ ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ ሥራ አልሄደችም። የኤያ መዳፍ እውነትም ትኩሳት ነበር። ሐሙስም ለጥንቃቄ ቀረች። ዓርብ ጠዋት ቤተ ሙከራው ስትደርስ አለቃቸው ሲ ሞንሰፍ («ሲ» አቶ እንደማለት ነው) በሩ ላይ እጃቸውን እያወናጨፉ ተቀበሏት።

«ቆመ! ዶርሳፍ፣ ቆመልሽ!»

«ምኑ ሲ ሞንሰፍ?»

«ቺፑ የተሰካበት ቦርድ ነዋ! አራት ወር ሙሉ በየጥቂት ሳምንቱ አንዴ ቆሞ፣ ሰው ሳያየው ራሱን አስነሥቶ ያሾፍብን የነበረው። ትናንት ላሳድ ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ቀይ መብራቱ በርቶ አገኘሁት። በቁሙ ያዝነው! ማንም አያጥፋው። ማንም አይንካው። እኔም ብሆን!»

«ላሳድስ?»

«እናቱን ሊሰናበት በሉዋጅ፣ በጋራ ታክሲ፣ ሬዴየፍ ሄደ። ነገ ከዚያ በቀጥታ ወደብ ይገባል።»

ዶርሳፍ ተቀመጠች። ቺፑን ሳይነካ የሚያነበውን መመርመሪያ ኬብል ቦርዱ ላይ ሰካች። ለሥራው ነው አለች ለራሷ፤ ጣቷ ግን የደብዳቤዎቹን ቦታ ነበር የጻፈው። ኬብሉ ከሚሞሪው አምጥቶ ስክሪኑ ላይ አሰፈረላት፦

ዶርሳፍ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ልቤ ረግቷል።
እናቴ በስልክ ስለ ኤያ ጠየቀችኝና እንዲህ አልኳት፦
የሌላ ሰው ልጅ ለማሳደግ ትከሻ የለኝም።
በአንድ ደጅ ሦስት ዓመት ቆምኩ፤ በቃኝ።
ቅዳሜ እሄዳለሁ። አትጥሪኝ፣ አልመልስም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር ፊደሎቹ ተዘበራረቁባት። ለአዲስ ሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን የምታስተምራቸው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰበችውም። የምታስበው አንዲት መስመር ብቻ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ኤያ ጥርሷ ሲነቀል ጥርሷን በናፕኪን ጠቅልሎ፣ «ይህ ለሙዚየም ነው» እያለ ያሳቃት ሰው ነው።

በሐምሌ እዚያ አገር ሥራ በስምንት ሰዓት ያበቃል። እስከዚያ ስክሪኑን አጥፍታ ተቀመጠች። ስልኳን ሦስት ጊዜ አነሣች፣ ሦስት ጊዜ መለሰች። «አትጥሪኝ» ተብላለች። የሚያሳፍራት የእሱ እምቢታ አልነበረም፤ ሰኞ ዝም በማለቷ ይህ የሚገባት ይመስላት ነበር።

*

ቤት ስትገባ ላላ ዘክያ ምድጃው ላይ ብሪክ እየጠበሱ ነበር፤ እንቁላሉ ከስሱ ሊጥ ውስጥ እንዳይፈስ በሁለት ማንኪያ ደግፈው።

«ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«ሙቀቱ ነው ላላ።»

«ሙቀቱ ሽንኩርት ያስልጣል እንዴ አሁን?»

ኤያ ከጠረጴዛው ሥር ሆና፣ «እማ፣ ላሳድ የብስክሌቴን ሰንሰለት እሠራለሁ ብሎ ነበር። መቼ ነው የሚመጣው?» አለች።

«ሄደ?» አሉ ላላ ዘክያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ነገ።»

ይደሰታሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ትልቁን ብሪክ እሷ ሰሃን ላይ አደረጉ። «ብዪ» አሉ። ቆየት ብለውም፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው፣ «ክፉ አይደለሁም እኮ። አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። ጠዋት ስነቃ በዚህ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማኝ ኤያ ጫማዋን ስትፈልግ ነው» አሉ።

ዶርሳፍ የአሮጊቷን ጠባብ ትከሻ ከኋላ አየችው። ልትጠላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ሁለቱም ለአንዲት ልጅ የሚንቀጠቀጡ እናቶች ነበሩ፤ ይህን ማወቋ ጭንቀቷን አበዛው እንጂ አላቃለለላትም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሲ ሞንሰፍ ደወሉ። «ልጄ፣ ዕረፍትሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በዚህ ሙቀት መብራት እየሄደ ነው። መብራት ከሄደ ቦርዱ ይሞታል፣ የአራት ወር ልፋታችን ይጠፋል። ካሹ ውስጥ ያለውን አውጪልኝ። ይህን ከአንቺ በቀር የሚችለው ላሳድ ነበር፤ እሱ ደግሞ…»

«እመጣለሁ» አለች።

ካሹን ማየት ሚሞሪን እንደ ማየት አይደለም። ኬብሉ ሚሞሪው ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው። ካሹን ማየት የሚችለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ እሱንም በራሱ ቋንቋ፣ በአሰምብሊ፣ አንድ በአንድ ማዘዝ ያስፈልጋል። ዶርሳፍ አጭር ፕሮግራም ከፍታ መሐሉ ላይ ጥቂት የአሰምብሊ መስመሮች አስገባች። ሦስት ትእዛዝ ነበሩ፦ ይህን መደርደሪያ፣ ይህን ረድፍ አንብብ። እስክትጨርስ ጠብቅ። ያነበብከውን ስጠኝ።

ወደ ቺፑ ከመላኳ በፊት የተቀየረውን ስትመረምር መስመሮቿ የሉም። ፕሮግራምን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር የመልሱን ተጠቃሚ ስላላገኘ የማያስፈልጉ መስለውት ጥሏቸዋል። «አንተ ደግሞ!» አለችው እንደ ሰው፤ መስመሮቹ እንዳይነኩ የሚያዘውን ቃል ጨመረችና መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪው መጣ። ካሹን ለማየት የገባ ፕሮግራም ካሹን ከረገጠው የሚያገኘው የራሱን ዱካ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ካሹ በማይደርስበት፣ ከቺፑ ጥግ ባለች ትንሽ ቦታ አስቀመጠችው። የሚሳሳት ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም።

የቆመውን ፕሮሰሰር ቀስ ብላ ወደ ፕሮግራሟ መራችው። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ስክሪኑ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ዶርሳፍ ይህን ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ያን ጠዋት ግን ወንበሯን ስባ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በዚያ ቦታ ያለ ነገር በአንድ ሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ይለዋወጣል፤ የሰው ዓይን ደርሶበት አያውቅም። አሁን ሁሉም ነገር ልክ እንደ ነበረ ቆሟል፤ ግርግር ያለበት ገበያ ሰዉ ሁሉ እግሩን እንዳነሣ፣ ሻጩ ሚዛኑን እንደያዘ፣ የተወረወረው ሎሚ አየር ላይ እንዳለ በድንገት ቢቆም እንደማለት። እሷ ማንንም ሳትነካ በመሐሉ ታልፋለች። ከግራ ቁጥር፣ ከቀኝ የቁጥሩ ፊደል፤ ፊደል ከሌለው ነጥብ። ቁጥር፣ ነጥብ፣ ቁጥር፣ ነጥብ። ሁለት ቀን የቆየች ቅጽበት።

በመጀመሪያው መደርደሪያ መሐል ላይ ነጥቦቹ ፊደል ሆኑ፦

ውሉን አልፈረምኩም። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ።

ተነሥታ ቆመች። ወንበሯ ወደኋላ ወደቀ።

የቆየ ደብዳቤ ይሆን? የረድፉን ምልክት አየች። ምልክቱ፣ ይህ ተጽፏል፣ ወደ ሚሞሪው ግን ገና አልወጣም ይላል። አድራሻውን አየች። ሚሞሪው ውስጥ «በቃኝ» ከሚለው መስመር ጋር አንድ ቤት ነው። አንድ አድራሻ፣ ሁለት ቃል። አንዱ ሩቅ ያለው የቆየው፤ ሌላው ፕሮሰሰሩ ልብ አጠገብ የተቀመጠው፣ አዲሱ፣ እውነተኛው።

ለአዲስ ሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን የምትነግራቸው ይህንን ነበር። ሚሞሪውን አይታችሁ አትመኑ፤ መጀመሪያ ካሹን ጠይቁ ትላቸዋለች። እሷ አላደረገችውም።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ። ማቀዝቀዣው እያቃሰተ ዝም አለ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው የባትሪ ሣጥን መጮኽ ጀመረ።

«ስንት ደቂቃ ይቆያል?» ብለው ሲ ሞንሰፍ ከኮሪደሩ ሮጠው ገቡ።

«ሃያ።»

«ይበቃሻል?»

ዶርሳፍ እርሳስ አንሥታ ነበር። መስመሮቹ በተራ አይመጡም፤ ቺፑ በአራቱ መደርደሪያዎች ላይ በትኗቸዋል። በአድራሻቸው እያየች ወረቀት ላይ በየቦታቸው ጻፈቻቸው። ሁለተኛው መደርደሪያ አንድ ሰጣት። ሦስተኛው ምንም። ባትሪው ጩኸቱን አፈጠነ። አራተኛው ሦስት ሰጣት። የመጨረሻውን ስትጽፍ ቀለሙ የጠፋ እርሳስ ይመስል ደጋግማ ተጫነችው፦

ዶርሳፍ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ልቤ ረግቷል።
እናቴ በስልክ ስለ ኤያ ጠየቀችኝና እንዲህ አልኳት፦
ሳላያት አንድ ሳምንት ካለፈ የምሆነውን አላውቅም።
ውሉን አልፈረምኩም። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ።
ላላ ዘክያ ዘንድ መቶ ጊዜ ውኃ ልጠጣ እመለሳለሁ።
ማክሰኞ በንዴት የጻፍኩትን ደምስሼዋለሁ፤ አታይውም።
እንዳላስጨንቅሽ አልደውልም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላ ጉሌት ወደብ በር ላይ ነኝ።

አሁን ሁሉም ገባት። ማክሰኞ የጻፈው ደብዳቤ ሚሞሪው ውስጥ ነበር። ሐሙስ በላዩ አዲስ ጻፈና፣ ቺፑን አውጣ ብሎ አዝዞ፣ ሉዋጁ እንዳያመልጠው ተነሥቶ ሄደ። ቺፑ አንድ መስመር አወጣ፣ ሁለተኛውን አወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። እሷ ዓርብ ያነበበችው የሐሙስ ራስ ከማክሰኞ አካል ጋር ተሰፍቶ ነው። የሚወዳት ሰው ቃል ሁለት ቀን ሙሉ ከሰሊጥ ፍሬ በምታንስ ቦታ፣ በአንዲት ገመድ መብራት ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃት።

ሲ ሞንሰፍ በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው ያነባሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማስረጃው ነው ሲ ሞንሰፍ። ቺፑ የሚሰናከለው ይኸው፣ ከሁለተኛው መስመር ቀጥሎ ነው።»

«ዶርሳፍ፣ ይህ የፍቅር ደብዳቤ ነው።»

«አዎ።»

«ቺፑን ለሠሩት ሰዎች ይህን ልልክ? ስምሽ አለበት! ልጅሽ አለችበት! እናንተማ ሦስት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤት ዕቃ…» መነጽራቸውን አወለቁ። «በሌላ ጽሑፍ እንተካው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲተኩት ትለምናቸው ነበር። «አንድ ፊደል ከተነካ ማስረጃ አይሆንም» አለች። «ከነስሜ ይላኩት።»

ሲ ሞንሰፍ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ሠላሳ ዓመት ቺፕ ስፈትን ውስጡ ይህን ያህል ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመልክተው ደነገጡ። «ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ነው እኮ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

ባትሪው የመጨረሻ ጩኸቱን ጮኾ ቀይ መብራቱ ጠፋ። ዶርሳፍ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ደረጃውን ወረደች፤ ቀላል ነበረች፣ አየር ላይ የምትሄድ ይመስል።

*

የላሳድ ስልክ ዝግ ነው። ታክሲው ሐይቁን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ሲደርስ ቤት ደወለች።

«ላላ፣ ዶርሳፍ ነኝ። ላ ጉሌት እየሄድኩ ነው።»

«ልትሰናበቺው?»

«ቅር ልለው።»

በስልኩ ውስጥ ኤያ ስትዘፍን ይሰማል።

«ላላ፣ ሰኞ እፊትዎ መናገር ነበረብኝ። እወደዋለሁ። ኤያ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ የትም ብንኖር ደጅዎን አላስረሳትም። ግን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።»

«ዛሬ ደግሞ ምላስ አወጣሽ» አሉ። ድምፃቸው ግን ተሰብሯል። ቀጥለውም፣ «ፀሐዩ ከባድ ነው። ራስሽን ሸፍነሻል?» አሉ።

ዶርሳፍ ስልኩን ይዛ ወደ ታክሲው መስኮት ዞራ አለቀሰች። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶ ሬዲዮኑን ቀነሰ።

ወደቡ በር ላይ ስትደርስ ስምንት ከሃያ ነበር። ላሳድ በሩ ላይ የለም። ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና ብስክሌት የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ከብረት አጥሩ ማዶ እግረኞች ወደ ትልቁ ነጭ መርከብ ይሳባሉ። ከሰልፉ ጫፍ አንድ የተተኮሰ ሸሚዝ አየች።

«ላሳድ!»

ይህን ያህል ጮኻ አታውቅም። ሰልፉ በሙሉ ዞረ፤ እሱ ብቻ አልዞረም።

«ወይ ልጄ፣ ዙር እንጂ!» አሉት አንዲት ሻንጣ የተሸከሙ ሴት፣ በክርናቸው ገፋ አድርገው። «አንተን ነው! እኔን ሰው እንዲህ ቢጠራኝማ በሩጫ በሄድኩ!»

ላሳድ ወደ አጥሩ መጣ። ፊቱ ከስቷል፤ የሬዴየፍ አቧራ ጫማው ላይ አለ።

«አላነበብሽውም፣ ወይም አንብበሽ ተውሽው ብዬ ነበር» አለ።

«አነበብኩት። ሁለቱንም።»

«ሁለቱን?»

«የማክሰኞውንም።»

ፊቱ ነጣ። «እሱን ደምስሼዋለሁ!»

«አንተ ደምስሰኸዋል። ቺፑ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።»

ላሳድ አጥሩን እንደያዘ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከዚያ ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳረፈ። «ስለ ኤያ ጠየቀችኝና እንዲህ አልኳት… ከዚያ… ወይኔ! ወይኔ ዶርሳፍ!»

«አዎ። ወይኔ።»

«ማክሰኞ ክፉ ሰው ነበርኩ። የእኔ ቃል ነው፣ አልክድም።»

«አውቃለሁ። ያንተ ነው። በላዩ የጻፍከውም ያንተ ነው። ሰኞ ደግሞ እኔ ፈሪ ነበርኩ።»

ላሳድ ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ እንደያዘ አንድ ሌላ ነገር በራበት። «ቆይ፣ ካሹን እንዴት አየሽው? ፕሮግራምሽ አልረገጠውም?»

«ላሳድ! መርከቡ ሊሄድ ነው!»

«አይ፣ ንገሪኝ እንጂ! ሁሉንም መስመር አገኘሽ?»

«ሁሉንም። አንድ ፊደል አልጎደለም።» እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ወረቀቱን በብረቶቹ መሐል አሳለፈችለት።

ላሳድ የራሱን ቃል በእሷ የእርሳስ ጽሕፈት አነበበ። በጣቱ ተራ በተራ ነካው፤ ከሌላ ዓለም የተመለሰ ሰው ፊት የሚዳስስ ይመስል ነበር። ከዚያ ከኪሱ አንድ ፖስታ አወጣ። «ዓርብ ማታ ዝም ስትዪኝ ውሉን ፈረምኩት። ማርሴይ ስደርስ ላስረክብ ነበር።»

መርከቡ ጮኸ። ሻንጣ የያዙት ሴት ከሰልፉ ወጥተው ቆመው ነበር፤ ተራቸው ማለፉን ያወቁ አይመስሉም።

«ቅር» አለች ዶርሳፍ።

ቃሉ ትንሽ ነበር። ሁለት ፊደል። ከአፏ ሲወጣ ግን ነፋሱ፣ መኪኖቹ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ለእሷ እንዳለ ቆመ፤ ያን ጠዋት እንዳየችው ዓይነት፣ ሁሉም ነገር በቦታው፣ ምንም ሳይጎድል። ላሳድ ጣቶቿን በአጥሩ መሐል ያዛቸው።

መርከቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ። ላሳድ ቀረ። በመስከረም መጨረሻ ዶርሳፍ ኤያን ይዛ፣ ከላሳድ ጋር አርያና ውስጥ ወደ ተከራዩት ሁለት ክፍል ሄደች። ላላ ዘክያ የልጅቷን ልብሶች አንድ በአንድ አጣጥፈው በሻንጣ ከተው በሩ ድረስ ሸኟቸው። እሳቸው ላ ማርሳ ቀሩ።